ኢዮብም አመሰገነ፣ ኢዮብም ጮኸ

«እንደምን አደራችሁ?» ሲባል ከአብዛኛው ኢትዮጵያዊ አፍ የሚወጣው መልስ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ጤነኛውም፣ አልጋ ከያዘ የከረመውም፣ በቀደም ልጁን የቀበረውም ይህንኑ ይላል። ከቀዬው ተፈናቅሎ መጠለያ ያደረ አባወራ ሊጠይቀው ለመጣ ዘመዱ መጀመሪያ የሚናገረው ይህንን ነው፤ ችግሩን የሚዘረዝረው ከዚያ በኋላ ነው። ረጋ ብሎ ላሰበው ሰው ነገሩ ግራ ያጋባል። ምስጋና ለተቀበልነው በጎ ነገር የምንመልሰው ምላሽ ከሆነ፣ የተወሰደበት ሰው ስለ ምኑ ነው የሚያመሰግነው? ልጁን ቀብሮ «ተመስገን» የሚል አባት ወይ ከልቡ አይደለም፣ ወይ ልማድ ሆኖበት ነው፣ ወይም ደግሞ እኛ ስለ ምስጋና ያለን መረዳት ጠባብ ነው። እኔ ሦስተኛውን አምናለሁ። ይሁን እንጂ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አልፎ መሄድ ቅንነት አይሆንም። «ተመስገን» ሕመም የሚሸፈንበት፣ አልፎም ሰውን ዝም ማሰኛ የሚሆንበት ጊዜ አለና።

ሪያድ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ለእናቷ ስትደውል «ደህና ነኝ፣ ተመስገን፣ አታስቢ» ትላለች። ደመወዟ ከተቋረጠ ወራት አልፈው ይሆናል፤ ፓስፖርቷ አሠሪዋ ዘንድ ተቆልፎበት ይሆናል፤ እንቅልፍ ከጠገበች ሰንብታ ይሆናል። እናት ከድምፅዋ ትረዳለች፤ ግን እሷም «ተመስገን» ብላ ስልኩን ትዘጋለች። ሁለቱም አንዳቸው ለአንዳቸው ሲሉ ሸክሙን ለየብቻ ተሸከሙት። እንዲህ ያለውን ቃል ውሸት ለማለት አንደበቴ አይታዘዝልኝም፤ ፍቅር ነው። ክፋቱ የሚመጣው በኋላ ነው። ልጅቱ አገሯ ገብታ የደረሰባትን ልትናገር ስትጀምር ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ የጸሎት ጓደኛዋም «በሕይወት መመለስሽ አይበቃም? ተመስገን በይ እንጂ» ይሏታል። ያን ጊዜ ምስጋናው የእሷ መሆኑ ያበቃል። ከሌላ ሰው አፍ ወጥቶ የእሷን አፍ ይዘጋል፤ እሷም ሕመሟን ከሰው ብቻ ሳይሆን ከአምላኳም መደበቅ ትለምዳለች።

መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ ያለውን አፍ የሚዘጋ ሃይማኖተኝነት ያውቀዋል፤ ፈርዶበታልም። መጽሐፈ ኢዮብ 42 ምዕራፍ አለው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ኢዮብ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ውስጥ ያለው ነው። ከብቱ ተዘርፎ፣ ዐሥር ልጆቹ ቤት ተደርምሶባቸው አልቀው፣ መጎናጸፊያውን ቀዶ ራሱን ተላጭቶ፣ የሰጠውንና የወሰደውን አምላክ በአንድ ትንፋሽ የባረከው ኢዮብ። ስብከታችንም፣ የልቅሶ ቤት ማጽናኛችንም እዚያ ላይ ይቆማል። በሦስተኛው ምዕራፍ ይኸው ሰው የተወለደበትን ቀን ይረግማል። ከዚያ ወዲያ ይከራከራል፣ ይማረራል፣ አምላኩን ዳኛ ፊት እንቁም ይለዋል። ወዳጆቹ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ደግሞ ለእግዚአብሔር ጠበቃ ሆነው ይሰለፋሉ። የሚናገሩት ነገር ለብቻው ተነጥሎ ቢነበብ ብዙው ደህና ስብከት ይወጣዋል፤ እግዚአብሔር ጻድቅ ነው፣ መከራ ያለ ምክንያት አይመጣም፣ ንስሐ ግባ። በመጨረሻ ግን የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው በእነሱ ላይ ነው። ስለ እሱ ቅኑን የተናገረው ኢዮብ እንደሆነ ነግሯቸው፣ ሰባት ወይፈንና ሰባት አውራ በግ ይዘው ወደዚያ ወደተማረረው ሰው እንዲሄዱ፣ እሱም እንዲጸልይላቸው አዘዘ።

ይህን ፍርድ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። መጽሐፉ በመጀመሪያው ምዕራፍ ያለው ምስጋና የየዋህነት ስሕተት ነበር አላለም። በሦስተኛው ምዕራፍ የጀመረውም ጩኸት ምስጋናውን አፈረሰው አላለም። ሁለቱንም እንዳሉ አቆማቸው። ወዳጆቹ ብዙ ምዕራፍ ሙሉ ስለ እግዚአብሔር ሲናገሩ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብለው ወደ እሱ አልጸለዩም። ኢዮብ ግን ሲያመሰግንም ሲያማርርም የሚያናግረው እሱኑ ነው። ምስጋናውንና እሮሮውን ያገናኛቸው ይህ ይመስለኛል፤ ሁለቱም ፊቱን ካላዞረ ሰው የወጡ ናቸው።

ምስጋና ስለ ምን ነው ወደሚለው ጥያቄ እንመለስ። ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ ስለ ውለታ በጻፋቸው ሰባት መጻሕፍት ውስጥ የሚረዳን አሳብ አለ። ውለታ ማለት በእጅ የተሰጠው ዕቃ ሳይሆን የሰጪው ፈቃድ ነው ይላል። ዕቃው ቢሰረቅም ቢሰበርም ውለታው አይጠፋም። አሳቡ ምስጋናን ከስጦታው ወደ ሰጪው ስለሚያሻግር ትልቅ ነው፤ የተጎዳን ሰው ግን እስከ መጨረሻው አያደርሰውም። የሰጪን ፈቃድ ብዙ ጊዜ የምናውቀው ከሰጠን ነገር ነው። የሰጠን ሲወሰድ ፈቃዱን በምን እናውቃለን? የመከራ ክብደቱ እዚህ ላይ ነው። ጤና ወይም ሀብት ወስዶ ብቻ አይሄድም፤ «ይወደኝ ነበር» የሚለውን እርግጠኝነት ያናጋል። ኢዮብን ያስጮኸው ቁስሉ ብቻ አልነበረም፤ ያውቀው የነበረው አምላክ የማያውቀው ሆኖበት ነው።

ክርስቲያን እዚህ ሲደርስ የራሱን ኑሮ ማስረጃ አድርጎ መቁጠር ይተዋል። የሰጪው ፈቃድ አንድ ጊዜ በመስቀል ላይ ታይቷል ብሎ ያምናል፤ በዚያ ላይ ይቆማል። ከዚያም መስቀል በፊት የነበረችውን ሌሊት ያስታውሳል። ክርስቶስ አልፎ በተሰጠባት በዚያች ሌሊት ኅብስቱን አንሥቶ አመሰገነ። ጥቂት ቆይቶ በጌቴሴማኒ በግንባሩ ተደፍቶ ጽዋው እንዲያልፍለት ለመነ፤ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ እንዳዘነች ለደቀ መዛሙርቱ አልሸሸገም። ማዕዱና የአትክልት ስፍራው የአንድ ሌሊት ነገር ናቸው። ቤተ ክርስቲያን በቅዳሴዋ ያንን ምስጋና ትደግማለች፤ በሰሞነ ሕማማት ደግሞ ስግደቱንና ኀዘኑን ትይዛለች። በዚያ ሳምንት ኦርቶዶክሳውያን መስቀል አይሳለሙም፣ ሰላምታም አይለዋወጡም። አንዲት ቤተ ክርስቲያን ለማመስገንም ለማዘንም ሥርዓት ሠርታ ሳለ፣ ልጆቿ በኀዘናቸው ማፈር የለባቸውም።

ከዚህ የሚከተል ከባድ ነገር አለ፤ በመከራ ውስጥ ማመስገንና ስለ መከራው ማመስገን አንድ አይደሉም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ከዚያ በፊት ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ሳለ ምእመናኑን ትቶ መሄድን አልፈለጉም። በዚያው ዓመት ሁለተኛው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ለዓመታት ታስረው ከቆዩ በኋላ ተገደሉ። የሁለቱም አጽም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። የቄስ ጉዲና ባለቤት ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ራሳቸው ለብዙ ዓመት ታስረዋል። እንዲህ ላሉ ቤተሰቦች «ስለ አፈናው እግዚአብሔርን አመስግኑ» ብሎ የሚነሣ ሰው ክፉውን ነገር መልካም እያለ ነው፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ደግሞ እንዲህ የሚያደርጉትን ወዮላቸው ብሏል። በዚያው ዘመን ጸሎት ቤታቸው የተዘጋባቸው ምእመናን በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ተሰብስበው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምሩ ነበር። ምስጋናቸው ለተዘጋው በር አልነበረም።

ለዚህ አባባሌ ግን የሚቃወም ምስክር አለ። የቁስጥንጥንያ ፓትርያርክ የነበረው ዮሐንስ አፈ ወርቅ ከመንበሩ ወርዶ፣ ተሰዶ፣ ታሞ ሳለ በወታደሮች እየተነዳ ወደ ሌላ ግዞት ሲሄድ በ407 እ.ኤ.አ. ኮማና በምትባል ቦታ ዐረፈ። በመጨረሻው ሰዓት ስለ ሁሉም ነገር ለእግዚአብሔር ክብር እንደሰጠ ይነገራል። ስለ ሁሉም፤ ስለ ስደቱም ጭምር። ይህን ቃል አልፈው የሚሄዱ ሰዎች አሉ፤ እኔ ማለፍ አልችልም። አፈ ወርቅ ግን ያንን ያለው ስለ ራሱ ስደት ነው። የራሱን ሕይወት መጨረሻ ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ያየ ሰው፣ ያኔ በክፉ የታሰበበት ነገር ሁሉ በሌላ እጅ ውስጥ እንደነበር ሊመሰክር ይችላል። ዮሴፍም በግብፅ ለወንድሞቹ እንዲህ ያለውን የነገራቸው ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ አልነበረም፤ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ካለቀሰ በኋላ ነው። ስለ መከራው ማመስገን የመከራው ባለቤት ብቻ የሚደርስበት ቦታ ነው። ማንም ሌላውን ጎትቶ እዚያ ሊያደርሰው አይችልም፤ አልደረስክም ብሎ ሊወቅሰውም አይገባም።

እስከዚያው ለደረሰው ሁሉ ቃል የሚሰጥ መጽሐፍ በእጃችን አለ። ከዳዊት መዝሙሮች ሲሶ ያህሉ እሮሮ ነው። በግእዙ ቁጥር 87ኛው መዝሙር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጮኻል፤ መጨረሻው ላይ እንኳ ብርሃን አይገባበትም። ዳዊት የሚደግም ሰው ያንን ዘልሎ አያልፍም፤ ደስ ባለው ሳምንትም ያነበዋል፣ ባዘነበትም ሳምንት። መዝሙሮቹን ተከትሎ በሚመጣው ጸሎተ ነቢያት ውስጥ ደግሞ የዕንባቆም ጸሎት አለ። ዕንባቆም የሚደሰተው የጠፋውን አንድ በአንድ ከቆጠረ በኋላ ነው፤ በለሱን፣ ወይኑን፣ ወይራውን፣ እርሻውን፣ በጉን፣ ከብቱን። መጽሐፉን የጀመረውም «እስከ መቼ?» በሚል አቤቱታ ነው። የ1977ቱን ረሃብ በወሎና በትግራይ ያየ ገበሬ ያንን ዝርዝር እንደ ግጥም አያነበውም፤ የራሱ በረትና ጎተራ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከዝርዝሩ በኋላ የሚያቀርበው ምስጋና የጎደለውን ነገር እንዳልጎደለ አያስመስልም።

በሐተታ ዘርዐ ያዕቆብም ይህንኑ አያለሁ። የጸሐፊው ማንነት እስከ ዛሬ ሊቃውንትን ያከራክራል፤ የሚተርከው ግን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከአክሱም ሸሽቶ በተከዜ አቅራቢያ ዋሻ ውስጥ ስለተጠለለ ሰው ነው። መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ይጸልያል። እየጸለየ ሳለ «ለመሆኑ የምጸልይለት ይሰማኛል?» የሚል ጥያቄ ይመጣበታል። ጥያቄውን አላባረረውም፤ ጸሎቱንም አላቋረጠም። ጆሮን የሠራ እንዴት አይሰማም ወደሚለው የመዝሙሩ አሳብ የደረሰው በጥያቄው በኩል አልፎ ነው። ምስጋናው ከዚያ በኋላ የራሱ ሆነ።

ምስጋና የበደል መሸፈኛ እንዳልሆነ ለማየት ደግሞ የፊልጵስዩስን ወኅኒ ማንበብ ይበቃል። ጳውሎስና ሲላስ ተገርፈው፣ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ፣ በእኩለ ሌሊት እየጸለዩ ይዘምሩ ነበር፤ እስረኞቹም ያዳምጡ ነበር። የምድር መናወጡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲዘምሩ እንደሚመጣ አላወቁም። ሰባኪዎቻችን እስከዚህ ድረስ ደህና አድርገው ይነግሩናል። የሚዘለለው የማግስቱ ጠዋት ነው። ገዥዎቹ «ልቀቋቸው» ብለው ሲልኩ ጳውሎስ አልወጣም አለ። የሮም ዜጎች ሳለን ያለ ፍርድ በአደባባይ ገርፈው አሰሩን፣ አሁን በስውር ሊያስወጡን ነው? ራሳቸው ይምጡና ያውጡን አለ። መጡም፤ ለመኗቸውም። ሌሊት በእስራት የዘመረው አንደበት ጠዋት መብቱን ጠየቀ። ቂም ስለያዘ አይመስለኝም። ያመሰገነው አምላክ የፍርድ አምላክ መሆኑን ስላልረሳ ነው። ይኸው ጳውሎስ ነው ክርስቲያኖችን በሁሉ እንዲያመሰግኑ ያዘዘው፤ ትእዛዙን የሚጠቅስ ሰው ሁሉ ያንን ጠዋት አብሮ ቢጠቅስ እወዳለሁ። ደመወዟን የተከለከለችው ልጅ በሕይወት ስለመመለሷ ታመስግን፤ ደመወዟንም ትጠይቅ።

የኢዮብ ወዳጆች ጥፋታቸው መናገር ሲጀምሩ ነው የመጣው። ከዚያ በፊት ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት፣ ሥቃዩ እጅግ ታላቅ መሆኑን አይተው፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ከእሱ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ልቅሶ ቤት ስትገቡ፣ የታመመ ስትጠይቁ፣ ከስደት የተመለሰች ልጅ አጠገብ ስትቀመጡ «ተመስገን በሉ» አትበሏቸው። ቃሉ የእነሱ ነው፤ ሲመጣላቸው ራሳቸው ይላሉ። እናንተ ተቀመጡ፣ አብራችሁ አልቅሱ፣ የሚናገሩትን እስከ መጨረሻው ስሙ።