መድኃኒት ለማን ይታመናል?

በአማርኛ ቋንቋ ከሚነገሩት ቃላት መካከል መድኃኒት የሚለውን ያህል የከበረም የሚያስፈራም ቃል ጥቂት ነው። ሥሩ ድኅነት ነው፤ ጌታችንም መድኃኔ ዓለም ይባላል። ነገር ግን በጎጃም ገጠር፥ በቡሬና በሰከላ፥ በደንበጫና በፍኖተ ሰላም አካባቢ፥ ስለ አንድ ሰው «መድኃኒት አደረጉበት» ተብሎ የተነገረ እንደ ሆነ፥ ሰሚው የሚረዳው ሰውዬው መመረዙን ወይም መደገሙን እንጂ መፈወሱን አይደለም። የጽርእም ቋንቋ እንዲሁ ነው፤ ፋርማሲ የሚባለው ስም የተገኘበት ፋርማኮን የሚለው ቃል ፈውስም መርዝም ማለት ነው። ሁለት ሕዝቦች እጅግ ተራርቀው ሳሉ ሁለቱን ነገር በአንድ ቃል ማሰራቸው በከንቱ አይደለም። የሚያድነውና የሚገድለው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ስለ ሆነ፥ የሚለያቸውም መጠኑና የያዘው እጅ ስለ ሆነ ነው።

ኮሶ ለዚህ ምስክር ይሆናል። በልክ የተጠጣ እንደ ሆነ ትሉን ያወጣል፤ ስለዚህም በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮጳ የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ ሳይቀር ተጽፎ ነበር። ልኩ ያለፈ እንደ ሆነ ግን የዓይንን ብርሃን እስከ ማጥፋት፥ ሕይወትንም እስከ ማሳጣት ይደርሳል። የሚጠጣው ሰው ልኩን መርምሮ ሊያውቅ አይችልም፤ የሰጠውን ሰው አምኖ ይጠጣል። እህል ሻጭ ቢያታልል ገዢው እህሉን በእጁ ዘግኖ ሊያየው ይችላል። የመድኃኒት ፍሬ ግን ለበሽተኛው ነጭ ከመሆኑ በቀር ምንም አይነግረውም። እንግዲህ እንዲህ ያለ እምነት የሚጣልበት ሰው ምን ዓይነት ሰው ሊሆን ይገባል? እንዴትስ ሆኖ ያድጋል?

ትምህርቱ በአገራችን ሥርዓት የያዘው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ነው። ሜራብ የተባለ የጆርጂያ ሰው ሐኪም በአዲስ አበባ መድኃኒት ቤት የከፈተው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1910 ሲሆን፥ በዚያው ከተማ በዩኒቨርሲቲው የፋርማሲ ትምህርት ቤት የቆመው በ1961 ነው። ዛሬ በጎንደርና በባሕር ዳር፥ በደብረ ማርቆስም ይህ ትምህርት ይሰጣል። የቡሬ ልጅም ፋርማሲ ለመማር አባይን መሻገር አያስፈልገውም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ተማሪው ትምህርቱን ሲጨርስ የመውጫ ፈተና ይፈተናል።

ነገር ግን ከመውጫው ይልቅ መግቢያው ያሳስባል። በ2015 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የ12ኛ ክፍል ፈተና መሰረቁና መኮረጁ እንዲቀር ተብሎ፥ ተማሪዎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጉዘው በዚያ ተፈተኑ። ከተፈተኑትም መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። አገሩ ሁሉ በዚህ ቁጥር አዘነ፤ ማዘኑም ተገቢ ነው። ቢሆንም ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በብዙ ደስታ ይነገር ስለ ነበረው ቁጥር ያዘነ ሰው ጥቂት ነው። ፍርዱን ሁሉ በልጆቹ ላይ መጣል ግፍ ነው። መጽሐፍ ለሦስት አንድ በሚደርስበት ክፍል ተቀምጦ፥ ቤተ ሙከራውን በተቆለፈ በር ብቻ የሚያውቅ ልጅ ከጓደኛው ወረቀት ላይ ቢያይ፥ ከእርሱ ይልቅ የሚጠየቁ ሰዎች አሉ።

አንዳንድ ሰው ግን «ኵረጃ የልጅነት ነገር ነው፤ በሽተኛ ፊቱ ሲቆም ያን ጊዜ ይጠነቀቃል» ይላል። ይህ አነጋገር ደግ ይመስላል፤ የሆነው ነገር ግን ይቃወመዋል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1937 በአሜሪካ አገር አንድ የመድኃኒት ፋብሪካ ሰልፋኒላማይድ የተባለውን መድኃኒት በፈሳሽ ለመሸጥ ፈለገ። መድኃኒቱ በውኃ አልሟሟ ስላለ የፋብሪካው ቀማሚ ዳይኤቲሊን ግላይኮል በተባለ ፈሳሽ አሟሟው። ጣዕሙን፥ መልኩንና ሽታውን መረመሩ፤ ይገድል እንደ ሆነ ግን አልመረመሩም። ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም መካከል ሕፃናት ነበሩ። በዚህ ነገር ውስጥ ነፍስ ለማጥፋት ያሰበ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። የነበረው ያላወቀውን ነገር እንዳወቀው አድርጎ የሚያልፍ ልማድ ነው። በ2022 ደግሞ በጋምቢያ አገር በዚሁ ዓይነት መርዝ በተበከለ የሳል ሽሮፕ ከ60 የሚበልጡ ሕፃናት አለቁ። ፈተናን የኮረጀ ልጅ የተማረው ይህንኑ ልማድ አይደለምን? መልሱን ሳያውቅ መልሱን ጻፈ፤ ምንም ክፉ ነገር ሳይደርስበት አለፈ፤ ስለዚህም በሁለተኛው ጊዜ ፍርሃቱ ቀነሰ።

እዚህ ላይ ጎጃም ከራሱ ጓዳ የሚያወጣው ነገር አለው። በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ ቀኑን ሙሉ ቅኔውን ሲቆጥር ውሎ በመምህሩ ፊት ይነግራል። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አይነገርም፤ የሌላውን ሰው ቅኔ ሰርቆ የመጣ እንደ ሆነ በጓደኞቹ መካከል ወዲያው ይታወቅበታል። የጎደለው ይሞላለታል፥ የተሰበረው ይቃናለታል፤ ልጁም በሰው ፊት መታረምን እንደ ውርደት አይቆጥረውም። ይህን የመሰለ ፈተና ሊኮረጅ አይችልም። የቆሎ ተማሪውን ድህነት እያዩ ትምህርቱን የሚንቁ ሰዎች ይህን አላስተዋሉም።

ሆኖም ቅኔ ቤት ለመድኃኒት ሥራ የማይበቃበት ስፍራም አለ፤ ይህም ሳይነገር ቢቀር አድልዎ ይሆናል። የቅኔ ክብሩ አዲስነቱና ሰምና ወርቁ ነው፤ አንዱ ቃል ሁለት ፍች ሲሸከም ሊቃውንቱ ይደሰታሉ። የመድኃኒት ማዘዣ ግን አንድ ፍች ብቻ ሊኖረው ይገባል፤ ወርቅ የተደበቀበት እንደ ሆነ በሽተኛው ይሞታል። ፋርማሲስትም ትናንት የተናገረውን ዛሬ ሳይለውጥ መድገም አለበት። የአእምሮ ፍጥነት ያለው ልጅ ይህን መድገም ይሰለቸዋል፤ መሰልቸቱም ለዚህ ሥራ ትልቅ አደጋ ነው።

የደብተራው መጽሐፈ መድኃኒት ደግሞ ሌላ ጉድለት አለበት። ሥሩን ቅጠሉን በብዙ ትጋት ሰብስቧል፤ ነገር ግን ምስጢሩ ከአባት ወደ ልጅ በጆሮ ስለሚሄድ ሌላ ሰው ሊመረምረው አይችልም። ምስጢር አድራጊው ሁሉ ክፉ ነው አይባልም፤ ዕውቀቱ በክፉ ሰው እጅ እንዳይወድቅ የፈራ ይኖራል። ቢሆንም የማይመረመር ዕውቀት ሲሳሳት የሚያርመው የለም። አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ ያደረገው ነገር ከዚህ የተለየ ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ ቀንድ አውጣዎቹም የብልሃርዝያ በሽታ አስተላላፊዎች ነበሩ። እናቶቻችን ስንት ዘመን የያዙትን ዕውቀት ሳይንቅ፥ እንዲያው ሰምቶም ሳያምን፥ ፈተነው፤ ያገኘውንም ማንም ሰው እንዲመረምረው በግልጥ ጻፈው።

አሁን ወደ ቡሬ ገበያ እንመለስ። ከወንበርማ ቆላ ወባ ይዞት የመጣ ገበሬ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ይቆማል። ኮአርተም የሚባለው መድኃኒት ለአዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ 4 ፍሬ፥ በቀን 2 ጊዜ፥ እስከ 3 ቀን፥ በጠቅላላው 24 ፍሬ ነው። ገበሬው በሁለተኛው ቀን ትኵሳቱ ሲለቀው የቀረውን ፍሬ ለልጁ ሊያስቀምጥ ያስባል፤ ይህን የሚያስበው አባት ስለ ሆነ ነው እንጂ ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም። መድኃኒቱ ደግሞ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ይበልጥ ይሠራል። ነገር ግን በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም በሽተኛ የጧቱን ወይ ይተወዋል ወይ በባዶ ሆዱ ይውጠዋል። ፋርማሲስቱ ካልጠየቀው አይነግረውም፤ የነፍስ አባቱም ነገሩን ካላወቀ ምን ሊፈቅድለት እንደሚገባ አያስብም። ከመስኮቱ ውጭ 40 ሰው ተሰልፎ ሳለ ለአርባ አንደኛው ሰው እንደ መጀመሪያው አድርጎ መናገር፥ እርሱም «ገባኝ» ሲል ደግሞ «እስቲ መልሰህ ንገረኝ» ማለት፥ በየትኛው ክፍል ይማሩታል? መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪሙንና መድኃኒት ቀማሚውን አጠገብ ለአጠገብ ማንሣቱን ካህናት ያውቃሉ፤ ሕዝቡ ግን ሐኪሙን ሲያከብር ቀማሚውን እንደ ሱቅ ነጋዴ ይቆጥረዋል፤ ቀማሚውም ራሱን እንደዚያው ይቆጥርና ጥያቄውን ይተዋል።

ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ በአማራ አገር በሆነው ጦርነት ብዙ ተማሪ ቤቶች ተዘግተው፥ ልጆች ዓመታቸውን በከንቱ ጨርሰዋል። እነዚህ ልጆች ለዩኒቨርሲቲ ሲዘጋጁ ሰው ሁሉ የሚያስበው ያመለጣቸውን ምዕራፍ በፍጥነት መሙላት ነው። መምህሩም እንዲቸኩል ይገደዳል። ቢሆንም በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት አንድ ሚዛን ብቻ ቢገኝ፥ ተማሪዎች አንዱን ጨው ሦስት ጊዜ እንዲመዝኑና ያገኙትን እንዲጽፉ ማድረግ ይቻላል። ደኅና ሚዛን ሦስት ጊዜ ሲመዘንበት ብዙ ጊዜ ጥቂት የተለያየ ቁጥር ያሳያል። ሦስቱንም አንድ ዓይነት ቁጥር አድርጎ ጽፎ የመጣው ልጅ በዛሬው አሠራር ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል፤ ያየውን የጻፈው ደግሞ «በደንብ አልመዘንህም» ተብሎ ይቀነስበታል።