አንድም ከማለትህ በፊት

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግቢያችን በር ላይ ቆመን ስልክህን አውጥተህ ያሳየኸኝን ማስታወሻ ሳስበው ሰነበትሁ። «አባባ፣ በየቀኑ ከማየው ነገር አንድ መንፈሳዊ ትምህርት አወጣለሁ» አልኸኝ። ቆጥረኸዋል፤ መቶ አልፏል። ታክሲው ዓለም ነው፣ ሾፌሩ ፈጣሪ ነው፣ «ወራጅ አለ» ማለት ሞት ነው። ሊፍት የሌለው ፎቅ የጽድቅ መንገድ፣ የጠፋው መብራት ኃጢአት። ያን ጊዜ «ጎሽ» ብዬ አለፍሁት። ጉልበቴ እያመመኝ ስለ ነበር ነገር ማርዘም አልፈለግሁም። አሁን ቁጭ ብያለሁና ላርዝመው።

ሥራህን አልነቅፍም። ጌታችንም ሲያስተምር ምሳሌውን ከሩቅ አላስመጣም፤ ከሊጥ፣ ከመብራት፣ ከመረብ፣ ከጠፋች ድሪም፣ ከሰናፍጭ ቅንጣት ተነሣ። ሰሚው ማታ ቤቱ ሲገባ ያንኑ ሊጥና ያንኑ መብራት ያገኘዋል፤ ትምህርቱ ቤት ድረስ ተከተለው ማለት ነው። ገሊላ ላይ የሆነው ሰሚትና ገርጂ ላይ የማይሆንበት ምክንያት የለም። የኔ ሥጋት ሌላ ነው። ቶሎ ትተረጉማለህ።

በልጅነቴ ጎጃም ውስጥ ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንጠልጥዬ፣ ከየደጁ ውሻ ጋር እየታገልሁ ጥቂት ዓመት ተምሬአለሁ። ሩቅ አልዘለቅሁም፤ አዲስ አበባ ጠራችኝና መጣሁ። አንድ ነገር ግን ይዤ ወጣሁ። ታላላቆቻችን መጽሐፍ ሲሄዱ እሰማ ነበር። መጀመሪያ የግዕዙ ቃል ይነበባል። ቀጥሎ ነጠላ ትርጉሙ ይሰጣል፤ ቃሉ በአማርኛ ምን እንዳለ፣ ብቻውን፣ ጌጥ ሳይጨመርበት። «አንድም» የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው እየተባለ ምሥጢሩ ይዘረዘራል። ነጠላውን ሳያደላድል ወደ አንድም የሚሮጥ ተማሪ ካለ የኔታ መልሰው ከቃሉ ላይ ያስቀምጡታል። ያንተ ማስታወሻ ከዳር እስከ ዳር አንድም ነው። ነጠላው የታለ?

ታክሲህን እንውሰድ። ከመገናኛ አያት ስትሄድ ረዳቱን ልብ ብለህ አይተኸዋል? ብሩን በጣቶቹ መካከል አጥፎ ይዞ፣ ግማሽ አካሉ ከበሩ ውጭ ሆኖ፣ ጉርድ ሾላ ላይ መቶ ብር የሰጠችው የኋላዋ ሴትዮ መልስ እንዳልደረሳት ያስታውሳል። የሴትዮዋ ብር ከኋላ ወንበር ተነሥቶ በሦስት በአራት በማይተዋወቁ ሰዎች እጅ አልፎ ነው እሱ ዘንድ የደረሰው። መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። በቆየሁበት ዘመን መሐል ላይ ያስቀረ ሰው አላየሁም። ብሩን ያቀበለው ሰው ራሱ ግን ከታክሲው ሲወርድ ስለ ሌብነታችን እያማረረ ነው የሚሄደው። እኔ ይህን አልተረጉምልህም። አንተ ግን «ወራጅ አለ» ሲባል ሞትን ስትሰማ ይህ ሁሉ በትከሻህ ላይ አልፎ ሄዷል፤ ምናልባትም ብሩን ያቀበልኸው አንተ ራስህ ነህ።

አሁን ራሴን ላጋልጥ። በሦስት መስፈሪያ ዱቄት ውስጥ እርሾ ስለ ሸሸገችው ሴት በጽዋ ማኅበራችን ስንት ጊዜ ተናግሬአለሁ። ጥቂት እርሾ ብዙ ሊጥ ታቦካለች፣ እምነትም እንደዚሁ፤ ማንም የሚለውን ነው። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ይህንኑ ለእንግዳ ስደግም ባለቤቴ ከማድ ቤት ብቅ ብላ «ለመሆኑ አንተ ሊጥ አቡክተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። እንግዳው ሳቀ። እኔ ዕድሜ ልኬን እንጀራ በልቻለሁ እንጂ ሊጥ አልነካሁም።

በዚያ ሳምንት አጠገቧ ቆሜ አየሁ። እርሾ ከገበያ አይመጣም፤ ካለፈው ሊጥ የተቀነሰ ነው፣ ያም ከዚያ በፊት ካለፈው። ገርጂ ተከራይተን ሳለን ታማ ከርማ እርሾዋ ቢጠፋባት ከጎረቤት ተበድራ ነበር የቀጠለችው፤ እስከዛሬ የምንበላው የዚያች ጎረቤት እርሾ ነው ማለት ነው። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ቦካ፣ ከላይ ያረፈውን ውኃ ቀነሰችለት። ያልጠበቅሁት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከቦካው ላይ ጥቂት ጨለፈች፣ በውኃ አቀጠነችው፣ ድስት ጥዳ እያማሰለች እስኪወፍር አበሰለችው። አብሲት። በረድ ሲል መልሳ ከሊጡ ጋር ቀላቀለችው። ጥቂት ቆይቶ ሊጡ ኩፍ ብሎ ተነሣ። «አብሲት ካላገኘ ዓይን አያወጣም» አለችኝ፣ ምጣዱን እያሰሰች።

ዝም ብዬ ቆምሁ። ከዚያው ሊጥ ተቀንሶ እሳት አይቶ የመጣው፣ ተመልሶ እሳት ያላየውን አነሣው። ልጇን ከቀበረች በኋላ በየሰው ለቅሶ ቤት ቀድማ የምትደርስ አንዲት የዕድራችን ሴት ትዝ አለችኝ። ምሳሌውን በአፌ ይዤ ስዞር ይህን አንድም ቀን አላገኘሁትም፤ ማድ ቤት ገብቼ ስላላየሁ ነው። ደግሞ አስተውል፣ እርሾ በመጽሐፍ ሁልጊዜ ለበጎ አይነሣም። ከግብፅ የወጡት ያልቦካ ቂጣ ነው የበሉት፤ ጌታም ከፈሪሳውያን እርሾ ተጠበቁ ብሏል። አንዱ ነገር እዚህ መንግሥተ ሰማያት፣ እዚያ ግብዝነት ይሆናል። በማስታወሻህ ላይ «መብራት መጥፋት ኃጢአት ነው» ብለህ ስትዘጋው ይህን አስብ። መብራት በጠፋባት ማታ ስንት ቤት ቴሌቪዥኑ ዝም ብሎ በአንድ ሻማ ዙሪያ ተሰብስቦ ያመሸ አለ።

ስለ ቅዱስ ያሬድ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ሳትማር አትቀርም። በ6ኛው መቶ ዘመን አክሱም ላይ ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን ዘንድ ይማር ነበር፤ ትምህርቱ አልገባው ብሎ ተቀጥቶ ኮበለለ። ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንዲት ትል ዛፉን ልትወጣ ስትሞክር አየ። ስድስት ጊዜ ወደቀች፣ በሰባተኛው ወጣች። እሱም ተነሥቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ይህን ታሪክ ስንናገር ስለ ትሏ ጽናት ነው የምንናገረው። እኔን የሚገርመኝ የልጁ መቀመጥ ነው። ስድስት ጊዜ መውደቅ ረጅም ጊዜ ነው። ሦስተኛው ላይ ተነሥቶ ቢሄድ ኖሮ ትምህርቱን «ለማይሆን ነገር አትድከም» ብሎ ይዞት ይሄድ ነበር፤ ያም ከዚያችው ትል የተገኘ ትምህርት ነው! አንተ ግን እስከ ስንተኛው ድረስ ትቀመጣለህ? ታክሲው ሳይቆም ጽፈህ ጨርሰሃል።

ከዚህ ቀጥሎ የምነግርህን ለብዙ ሰው አልነገርሁም።

ወደ ጎሮ በኩል ፎቆቹ እንደ እንጉዳይ የሚፈሉበት ጊዜ ነበር። አንድ ከገጠር የመጣ የቀን ሠራተኛ ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ወድቆ ሞተ። ዕድሜው ካንተ አይበልጥም። እናቱ ከአገር ቤት ደርሳ፣ ሰፈሩ ድንኳን ተክሎ አስተዛዘነ። እኔ ሽማግሌ ነኝና «አንድ ቃል» ተባልሁ። ተነሣሁ። ሰው እንደ ጥላ እንደሚያልፍ፣ ጧት በሰላም የወጣ ማታ እንደማይመለስ፣ ከዚህ ልጅ ሞት ሁላችንም ዝግጁ መሆንን እንድንማር ተናገርሁ። ደኅና ንግግር ነበር፤ ሰዉም ራሱን ይነቀንቅ ነበር። እናቲቱ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ አየችኝና «ልጄ እናንተን ለማስተማር ነው የሞተው?» አለችኝ። አልጮኸችም። እንደ ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ።

የተቀመጥሁት እንዴት እንደሆነ አላስታውስም።

በዚያች ሌሊት የሉቃስን ወንጌል ገለጥሁ፣ ምዕራፍ 13። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው 18 ሰዎች ሞተዋል። ሰሚዎቹ ትርጓሜውን በልባቸው ጨርሰው ነበር፤ የሞቱት ከሌላው ይልቅ ኃጢአተኞች ስለ ሆኑ ነው ብለው። ጌታ ያን ትርጓሜ ከእጃቸው ነጠቃቸው። ስለ ሟቾቹ «አይደለም» ብቻ አላቸው፤ እናንተስ ብሎ ወደ ራሳቸው አዞራቸው። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰውም ደቀ መዛሙርቱ የማን ኃጢአት ነው ብለው ሲጠይቁ የነሱንም ግምት አልተቀበለም። ወደ መሬት ጎንበስ ብሎ ጭቃ ለወሰና የሰውየውን ዓይን ቀባ። እነሱ ሲተረጉሙ የሱ እጅ ጭቃ ውስጥ ነበር። እኔ ያን ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ከመናገር ይልቅ የልጁ ደመወዝ ለእናቱ ተከፍሎ እንደሆነ ብጠይቅ ምን ነበረበት? በማግስቱ ሌሎች ጠየቁላት። እኔ አፍሬ አልሄድሁም፤ ይህ ደግሞ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ የሌላው ሰው መከራ ላይ ስትደርስ ማስታወሻህን ዝጋ። ከገዛ ራስህ መከራ የፈለግኸውን ያህል ተማር፣ ማንም አይቀየምህም።

ቀላል ወደ ሆነው ልመለስ፤ ቤታችን። በ1997 ተመዝግበን፣ ስንት ዓመት ጠብቀን ዕጣ የወጣልን ቀን ባለቤቴ እልል አለች፣ እኔ ደግሞ የቤቱን ቁጥር ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ኮንዶሚኒየም መጀመሪያ በሙከራ የተሠራው እዚያው ገርጂ ነበርና ተከራይተን ሳለን በየቀኑ በአጠገቡ አልፍ ነበር፣ የኔም ይደርሳል እያልሁ። በይሁዳ ቦታ ማትያስን ያስቆጠረው ዕጣ ነው፤ የጌታን ልብስ ወታደሮቹ የተከፋፈሉትም በዕጣ ነው። ያው አንድ ቃል ነው። በዕጣ የወጣልኝ ግን ቤት ብቻ አይደለም። ከላይ ማን፣ ከታች ማን፣ ፊት ለፊት ማን እንደሚኖር እኔ አልመረጥሁም። ጌታን «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ብሎ የጠየቀው ሕግ አዋቂ መልሱን በምርጫ የሚያገኘው መስሎት ነበር። ለእኛ ግን ስም ዝርዝሩ ተለጥፎልናል።

አራተኛ ፎቅ ያሉትን እናት ታውቃቸዋለህ። ሙስሊም ናቸው፤ ለሱብሒ የሚነሡት ማንም ሳይነሣ ነው። ውኃ በፈረቃ ስትመጣ አመጣጧን ታውቃለህ፤ መጀመሪያ ቧንቧው አየር ይተፋል፣ ያፏጫል፣ ቆጣሪው በባዶው ይዞራል፣ ከዚያ ዝገት የቀላቀለ ጠብታ፣ ከዚያ ውኃ። ያን ፉጨት ቀድመው የሚሰሙት እሳቸው ናቸው። ነጠላቸውን እየሳቡ ከአራተኛ ፎቅ ጀምረው በራችንን ያንኳኳሉ፦ «ውኃ መጣች! ተነሡ፣ ውኃ መጣች!» እኔ ስለ ዐሥሩ ደናግል፣ ስለዚያች የእኩለ ሌሊት ድምፅ ሳስተምር የኖርሁ ሰው፣ ከአልጋዬ የምነሣው በሳቸው ጥሪ ነው። ማኅሌት ለመቆም አስቤ እንቅልፍ ጥሎኝ ልቀርባቸው ከነበሩት ሌሊቶች አንዳንዶቹን ያዳኑልኝ እሳቸው ናቸው፤ በርሜሉን ሞልቼ ወደ ሚካኤል ሄድሁ።

ከጥቂት ሳምንት ወዲህ ግን የውኃው ኃይል ስለሚያንስ አራተኛ ፎቅ አይደርስም። እኛን ቀስቅሰው ሲጨርሱ ራሳቸው ከምድር ቤቱ ቧንቧ በጀሪካን ነው የሚያወጡት፣ አንድ ደረጃ ወጥተው እያረፉ። ይህን ያወቅሁት ባለፈው ሳምንት ነው፤ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በሰባት ዓመት ውስጥ የእሳቸው ቤት ውኃ ይድረስ አይድረስ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ ሌሊት ተራችን ነው። ሁለቱ ቢጫ ጀሪካኖቻቸው ደረጃው ሥር ናቸው፤ አንደኛው ክዳኑ ላስቲክ የታሰረበት ነው፣ ስታዘነብለው ያፈሳልና ቀጥ አድርገህ ያዘው። ስልክህን ለመብራት ይዘኸው ና፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አምፖል የለም። በራቸውን በዝግታ አንኳኳ፤ የልጅ ልጃቸው ተኝታለች።