ስለ አያት መታሰቢያ

አንባቢ ሆይ፤ በቤትህ ዕድሜ የጠገበች፣ በሁሉ ዘንድ የተወደደች አያት ሞታ እንደ ሆነ፣ የሕይወት ታሪኳን ጻፍ ተብለህ ታውቅ ይሆናል። በከተማችን ይህ ልማድ ሆኗል። ከልጅ ልጆች መካከል ጥቂት የተማረው ይመረጥና ሌሊቱን በለቅሶው ቤት ጥግ ተቀምጦ፣ ከዚህም ከዚያም እየጠየቀ አንድ ወረቀት ይሞላል፤ በማግሥቱም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር በሕዝብ ፊት ይነበባል። የተወለደችበት አገር፣ ያሳደገቻቸው ልጆች ቍጥር፣ ደግነቷና እንግዳ መቀበሏ ይነገራል። ጕድለት የተጻፈበት ወረቀት ሲነበብ ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። እንግዲህ የምጠይቅህ ይህ ነው፤ የምንወደውን ሰው ስናስብ እውነቱን ሁሉ ልንናገር ይገባናልን? ወይስ ፍቅር ማለት ጕድለትን መሸፈን ነው?

እኔም እንዲህ ያለውን ወረቀት ጽፌአለሁ። አያቴ ያረፈችው በ1998 ዓመተ ምሕረት ነው። (አንቱ ያላት እንደ ሆነ ከቤቷ እንዳራቃት ትቈጥረው ነበርና እዚህም አንቱ አልላትም።) ዕድሜዋን በርግጥ የሚያውቅ አልነበረም። በዚያ ዘመን የተወለዱ ሰዎች ዓመታቸውን የሚቈጥሩት በታወቀ ነገር ነውና፣ እርሷም በ1911 ዓመተ ምሕረት የኅዳር በሽታ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ በእግሯ ትሄድ እንደ ነበረ፣ አባቷንም ከቤት ሲያወጡት እንዳየች ትነግረን ነበር። ከዚህ ተነሥተን ዘጠና ዓመት ያህል ነው አልን። ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ጥራጊ ተሰብስቦ ሲጨስ እኛ ልጆች እንደ ጨዋታ እናየው ነበር፤ እርሷ ግን ጢሱ እስኪያልቅ ድረስ ቃል ሳትናገር በደጃፏ ትቆም ነበር። ባሏ በ1928 ዓመተ ምሕረት ወደ ማይጨው ዘምቶ አልተመለሰም። አራቱን ልጆቿን ጠላ ጠምቃ፣ እንጀራ ጋግራ አሳደገች። ይህን ሁሉ ጻፍሁ፤ ሐሰት የለበትም።

ከሁሉ ይልቅ ሰሚውን ያስለቀሰው የትምህርቷ ነገር ነው። በ1971 ዓመተ ምሕረት በሐምሌ ወር የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ፣ ስልሳ ዓመት ያለፋት ሴት እርሳስና ደብተር ይዛ ማታ ማታ ወደ ቀበሌው ትሄድ ጀመር። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁና ደብተሯን ይዤላት እሄድ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ዳዊት ማንበብ ቻለች። ወረቀቱ ላይ ይህን ስጽፍ እንባዬ ቀለሙን አበላሸው።

ማታ ማታ ከቤት ስንወጣ በምጣዱ ፊት ማን ተቀምጣ እንደ ቀረች ግን አልጻፍሁም።

በ1965 እና በ1966 ዓመተ ምሕረት በወሎ ረኃብ በጸና ጊዜ፣ ከዚያ የመጣች ዐሥር ዓመት ያህል የሆናትን ልጅ አያቴ ከመንገድ ዳር አንሥታ ወደ ቤቷ አስገባቻት። ይህ ምሕረት ነበረ፤ ባታነሣት ኖሮ ትሞት ነበር። ልጅቱም ከምግብ በጠናች ጊዜ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ኋላም መጋገር ያዘች። እኔን በጀርባዋ ያዘለችኝ እርሷ ናት። ዘመቻው ሲመጣ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ከአያቴ ይልቅ ፊደል የሚያስፈልጋት እርሷ ነበረች፤ ነገር ግን ሁለቱ አብረው ቢሄዱ እራት ማን ያቀርባል? ሠላሳ ሁለት ዓመት በዚያ ቤት ኖረች። አያቴ በአልጋ ላይ በወደቀች ጊዜም ያጠበቻትና ያገላበጠቻት እርሷ ናት እንጂ ከእኛ ከሥጋ ዘመዶቿ አንድም አይደለም። ስለ ደመወዝ የሚጠይቅ ቢመጣ መልሳችን ሁልጊዜ አንድ ነበረ፤ "እንደ ልጃችን ናት" እንል ነበር። አያቴ ሞታ ቤቱ ተሸጦ ገንዘቡ ለአራቱ ልጆች በተከፈለ ጊዜ ግን ለእርሷ የደረሳት አንድ ጋቢና አሮጌው ምጣድ ነው። አንባቢ ሆይ፤ ነገሩን አስተውል። ልጅ ናት ተባለችና ደመወዝ አልተከፈላትም፤ ልጅ አይደለችም ተባለችና ርስት አልደረሳትም።

ሙት መውቀስ ነውር ነው የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም ቀድሞ ከእነርሱ ጋር ነበርሁ። ነገር ግን የሣራን ታሪክ ተመልከት። መጽሐፍ 127 ዓመት እንደ ኖረች ቈጥሮ ይነግረናል፤ የሕዝብ ሁሉ እናት ያደርጋታል። ሆኖም መሳቋን፣ ስቃም አልሳቅሁም ማለቷን አይሸሽግም። አጋር የምትባለውን አገልጋይዋን እንዳስጨነቀቻት፣ በኋላም ከነልጇ ወደ ምድረ በዳ እንዳስወጣቻት ይጽፋል። ይህን የጻፈው የሣራ ጠላት አይደለም። አብርሃምም ሚስቱን ሊቀብር በተነሣ ጊዜ የኬብሮን ሰዎች ዋሻውን እንዲያው ውሰድ ቢሉት እንቢ ብሎ፣ 400 ሰቅል ብር መዝኖ ከፍሎ ገዛ። ያለቀሰው ሰው ዋጋ ከፋይም ነበረ ማለት ነው፤ ለአጋር ግን እንጀራና ውኃ ብቻ ሰጥቶ ሰደዳት። ስለዚህ አብርሃምን እንኳ በሁሉ ነገር ምሳሌ አላደርገውም።

ጕድለት ሁሉ ይነገር አልልህም። አያቴ ቍጡ ነበረች፤ የበኵር ልጇን ከሌሎቹ አብልጣ ትወድ ነበር፤ ለጎረቤት ያበደረችውን አንድ ሥኒ ቡና እስከ ዓመት ድረስ አትረሳም ነበር። ይህ ከእርሷ ጋር ቢቀበር ማንን ይጐዳል? እንዲያውም ስናስታውሰው እንስቃለን። የተበደለው ሰው በሕይወት ሳለ፣ ዕዳውም በእኛ እጅ ሳለ የምንሸፍነው ነገር ግን ሌላ ነው። ያን ጊዜ የምንሸፍነው የሟችን ነውር መስሎን የራሳችንን ትርፍ ነው፤ የቤቱ ገንዘብ በእኔም እናት እጅ ገብቷልና ይህን የምለው ከውጭ ሆኜ አይደለም።

በ2005 ዓመተ ምሕረት የሰባት ዓመቷ መታሰቢያ በደረሰ ጊዜ ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ ስንት በሬ ይታረድ በማለት ይከራከር ነበር። እኔም በዚያ መካከል የሠላሳ ሁለት ዓመቱን ደመወዝ አነሣሁ። አጎቴ ተቈጣ፤ አክስቴም አያቴን በመቃብሯ ያዋረድሁባት መስሏት አለቀሰች፤ እስከ ዛሬም በሙሉ ልብ አታነጋግረኝም። በመጨረሻ በሬው ቀረና ለድግሱ የተዋጣው ገንዘብ ለዚያች ሴት እንዲሰጥ ተስማማን። ዕዳው ከዚህ እጅግ ይበልጣል፤ ተከፍሎ አለቀ ብዬ አልዋሽህም። ወረቀቱንም እንደ ገና ጻፍሁት።

በመታሰቢያው ቀን ልጠራት ሄድሁ። መጥታ እንደ ልማዷ ወደ ማድ ቤት ልትገባ ስትል እናቴ እጇን ይዛ ከአጠገቧ አስቀመጠቻት። እኔም ማንበብ ጀመርሁ፤ እርሷ በምጣዱ ፊት ቀርታ ፊደል ሳትቈጥር እንደ ኖረች ወደሚናገረው ስደርስ ግን አቋረጠችኝ።

"እንዲህስ አትበል" አለች። "እትዬ ከትምህርት ሲመለሱ በምድጃው አመድ ላይ በጣታቸው ይጽፉልኝ ነበር። ሀ ብለን እስከ ንጉሡ ሠ ደርሰን ነበር። ከዚያ እንቍጣጣሽ መጣ፤ እንግዳ በዛ፤ ቀረ።"

ቤቱ ሁሉ ዝም አለ። እኔም እርሳስ አውጥቼ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ እንደ ነገረችኝ ጻፍሁት።