ድምሩን ያየ ሰው ዕዳ

ወደ ከፍተኛ ትምህርት ለሚገባ ወጣት ዘመድ ወዳጁ ሁሉ የሚያቀርብለት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ተምረህ ምን ልትሆን ነው?» የሚል ነው። ሕክምና የሚማረው ሐኪም፥ ሕግ የሚማረው ዳኛ ወይም ጠበቃ እሆናለሁ ብሎ ይመልሳል፤ ጠያቂውም ደስ ብሎት ይመርቀዋል። በአካባቢ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ለማግኘት የሚማረው ወጣት ግን መልሱ እንዲህ አይቀናለትም። አፈር፥ ውሃና አየር የሁሉ ናቸውና የሁሉ የሆነውን ነገር ሙያዬ ነው ብሎ መናገር ያስቸግረዋል። እኛ ግን ይህ ትምህርት ምን ያስገኛል ከሚለው ይልቅ፥ የተማረውን ሰው ምን ያስገድደዋል የሚለውን መመርመር ይሻላል ብለን እናስባለን።

በመጀመሪያ ተማሪው የሚማረውን እንመልከት። ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፥ የአፈርና የውሃ ጠባይ፥ የካርታ ሥራና ስታቲስቲክስ፥ ሕግና ኢኮኖሚክስ ይማራል። ከየሙያው ጥቂት ጥቂት የተቆነጠረ ስለሚመስል የሚነቅፉት አሉ። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ የሚሰበሰቡት ለአንድ ነገር ነው፤ ዓይን ብቻውን የማያየውን ለማየት። በስምጥ ሸለቆአችን በብዙ ስፍራ ከጕድጓድ የሚቀዳው ውሃ ኩልል ያለ ነው፤ ጠጪውም አይጠረጥረውም። በውስጡ ያለው ፍሎራይድ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው ልክ፥ ማለት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም ሲያልፍ፥ በዓመታት ብዛት የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ እጅግ ሲበዛም አጥንትን ይጎዳል። አየሩም እንዲሁ ነው። በሐዋይ ደሴት በማውና ሎአ ተራራ መለካት በተጀመረበት በ1950 ዓ.ም. ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 315 ያህል ነበረ፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ይህን ጭማሪ በአፍንጫው ያሸተተ ሰው የለም፤ ያወቅነው ሳይታክቱ የለኩ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው።

እንግዲህ ወደ አገራችን ወደ ሐረማያ እንሂድ። በሐይቁ አጠገብ በ1940ዎቹ መጨረሻ የእርሻ ኮሌጅ ተከፈተ፤ በኋላም ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከሐይቁ የሐረር ከተማ ሕዝብ ይጠጣ ነበር፤ ገበሬው በሞተር እየሳበ ጫቱንና አትክልቱን ያጠጣ ነበር፤ ከተራቈተው ኰረብታ የሚወርደው ደለልም ይሞላው ነበር። በ1990ዎቹ ማብቂያ ገደማ ሐይቁ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ብዙ ትውልድ ተማሪ ተመርቆ በወጣበት ደጃፍ አንድ ሐይቅ አለቀ ማለት ነው።

በሐይቁ ላይ የበደለው ማን ነው? የሐረር እናት ለልጇ ውሃ መቅዳቷ በደል አይደለም፤ ገበሬውም ቤተሰቡን ለመመገብ ማሳውን ማጠጣቱ ኀጢአት አይባልም። እያንዳንዱ የወሰደው ጥቂት ነው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲሉ የመተባበርን ጥቅም አስተምረውናል። ነገር ግን ምሳሌውን በሎሚው ዛፍ በኩል ሆነን ብናስበው ሌላ ምሥጢር እናገኝበታለን፤ ሃምሳው ሰው አንዳንድ ሎሚ ይዞ ቀልሎት ሲሄድ፥ ከዛፉ ላይ ግን ሃምሳ ጐድሏል። ከዚህ የምንረዳው በደለኛ የሌለበት ጥፋት መኖሩን ነው። በእንዲህ ያለው ጥፋት ማንንም ሕሊናው አይወቅሰውም፤ ሕሊና የሚመረምረው የራስን ድርሻ እንጂ የሁሉን ድምር አይደለምና። ስለዚህ ድምሩን ያየ ሰው የሌሎች ሕሊና የጐደለውን ነገር በእጁ ይዟል፤ ዕዳውም ከዚህ ይመነጫል። ያየውን ቢሸሽግ ውሃውን ከቀዱት ሁሉ ይልቅ በደለኛው እርሱ ነው፤ እነርሱ ሳያውቁ፥ እርሱ ግን እያወቀ ነውና።

አንዳንድ ሰዎች፥ «የሳይንስ ሰው ሥራው መለካት እንጂ መምከር አይደለም» ይላሉ። በዚህ አባባል ውስጥ እውነት አለ፤ ለመምከር የሚቸኵል ሰው መለኪያውን ወደ ምኞቱ ሊያዘነብል ይችላል። ሆኖም መመስከርና መፍረድ ልዩ ልዩ ናቸው። ምስክር በችሎት ቆሞ ያየውን ይናገራል፤ ፍርዱን ለዳኛው ይተዋል። ድምርን ማየትም የባለ ዲግሪ ብቻ ዕድል አይደለም። የኮንሶ ሕዝብ ከ400 ዓመት በላይ የድንጋይ እርከን እየካበ አፈሩን ከጐርፍ ጠብቋል፤ ዩኔስኮም በ2003 ዓ.ም. ይህን የሥራ ውጤት በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የላይኛው እርከን ቢናድ ጐርፉ ለታችኛው ጐረቤት መሆኑን ለማወቅ ኮሌጅ መግባት አላስፈለጋቸውም። ስለዚህ ወጣቱ ወደ ገበሬው ሲሄድ አስተማሪ ብቻ ሳይሆን ተማሪም ሆኖ ይሂድ።

ዕዳው ከባድ የሚሆነው ከምረቃ በኋላ ነው። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የግምገማውን ወጪ የፕሮጀክቱ ባለቤት እንዲችል ደነገገ። ይህ አግባብ ነው፤ ነገር ግን ለሚለካው ባለሙያ የሚከፍለው ሥራው የሚለካበት ሰው ሆነ ማለት ነው። የቤት ኪራይ የሚጠብቀው፥ እናት አባቱን የሚረዳ ወጣት፥ «ይህችን ቍጥር ትንሽ ዝቅ አድርጋት» ቢባል ምን ያድርግ? እምቢ ቢል የሚቀጥለውን ሥራ ሊያጣ ይችላል። «እውነቱን ተናገር» ብሎ መምከር እንጀራው ላልተነካበት ሰው ቀላል ነው። እንግዲህ ሸክሙ የእርሱ ብቻ እንዳይሆን፥ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠን ጥናቱን የምንቀበል እኛ፥ ደስ የማያሰኝ ቍጥር ያመጣውን ሰው እንደ ሥራ አሰናካይ ከመቍጠር፥ ወረቀቱንም በመሳቢያ ከመቅበር ልንጠበቅ ይገባናል። ሰሚ ያላገኘ ምስክርነት ሐይቅ አያድንም።

የሐረማያ ሐይቅ በቅርብ ዓመታት ውሃ መልሶ ይዟል፤ ያየውም ሁሉ ተደስቷል። የተመለሰው ውሃ ግን ባዶ እጁን አልመጣም፤ የቀድሞውን ሒሳብ እንደገና ከፊታችን አቅርቦታል። ዛሬም የሚቀዳው ሰው የሚያየው የራሱን እንስራ ነው። የእንስራዎቹን ቍጥር አስልቶ፥ ሳይጨምርና ሳይቀንስ በአደባባይ የሚናገር ወጣት ከየኮሌጁ ይውጣ፤ ሲናገርም «ተቀመጥና ንገረን» የሚለው ሹም አይጣ።