ቸካይ፣ ጀለስ፣ ፋራ፦ ለወልድያና ለሀብሩ ተማሪዎች ስለ ጨዋታ ቃላት የተሰጠ ምክር

የአራዳ ቋንቋ የሚባለው፣ ወጣቶች በነባሩ አማርኛ ላይ አዲስ ፍች እየጫኑ ወይም ከሌላ ልሳን ቃል እየተዋሱ የሚግባቡበት የጨዋታ አነጋገር ሲሆን፣ ስያሜውም በአዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ከነበረው የአራዳ ገበያና ሠፈር ጋር የተያያዘ ነው። በወልድያ ከተማ፣ እንዲሁም በመርሳና በሌሎች የሀብሩ ወረዳ አካባቢዎች የሚማር ወጣት ይህን አነጋገር በትምህርት ቤት ግቢ፣ በባጃጅ ውስጥና በዶርም ይጫወትበታል፤ መጫወቱም ነውር የለበትም። ይሁን እንጂ ሰው የሚስቅበት ቃል ምን እንደሚያከብርና ምን እንደሚንቅ ስለሚያሳብቅ፣ ወጣቱ ቃሉን ከአፉ ከማውጣቱ በፊት በውስጡ ያለውን ፍርድ ሊመረምር ይገባዋል።

በቡድን ልሳን መጫወት የዛሬ ልጆች ያመጡት ልማድ አይደለም። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሊቅ የነበሩት ቮልፍ ሌስላው በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ አዝማሪዎችና ነጋዴዎች ሌላው ሰው የማይገባው የየራሳቸው ልሳን ነበራቸው። ወሎም ቢሆን በቃል ጨዋታ የታወቀ አገር ነው፤ አንዱን ቃል በሁለት ፍች የሚያናግረው የሰምና ወርቅ ጥበብ በሠርግም በሐዘንም ሲነገርበት ኖሯል፤ ከአማርኛ ዘፈን አራት ታዋቂ ቅኝቶች መካከል አምባሰልና ባቲ ስማቸውን የወሰዱት ከወሎ ነው። ስለዚህ ሽማግሌው የወጣቱን ቃል በሙሉ እንደ ብልግና ቆጥሮ ቢያወግዝ የራሱን የወጣትነት ጨዋታ መርሳቱ ነው፤ ወጣቱም ቃል መፍጠር ወግ ያለው ሥራ መሆኑን ቢያውቅ የሚፈጥረውን ይመርጣል።

ከትምህርት ቃላት ቢጀመር፣ «ቸካይ» የሚባለው ሌት ተቀን የሚያጠና ተማሪ ሲሆን፣ ቃሉ የተወሰደው ችካል መሬት ውስጥ ከመትከል ነው። ቃሉ ብዙ ጊዜ ለማፌዝ ይነገራል፤ ነገር ግን የማሳን ወሰን የሚያስከብረው ችካል እንደሆነ ለገበሬ ልጅ መንገር አያስፈልግም፤ ጠልቆ የተተከለ ችካል ጎርፍ ቢመጣም አይነቀልም። «ፎረፈ» ማለት ከክፍል ቀረ ማለት ነው፤ ይህም ከእግር ኳስ ሜዳ የመጣ ሲሆን፣ አንድ ቡድን ሳይገኝ ሲቀር ተጋጣሚው ሳይጫወት ማሸነፉ ፎርፌ ይባላል። እንግዲህ ከክፍል የሚቀር ተማሪ ለማን ነጥብ እንደሚሰጥ ቃሉ ራሱ ነግሮታል። «ደፈነ» የሚለው ደግሞ ቀዳዳ ሳይተው፣ ከመቶ መቶ ያመጣውን ያደንቃል፤ «አጤሬራ» በጥቃቅን ፊደል የተጻፈ የኩረጃ ወረቀት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ሊጠሉት የሚገባው አጤሬራ ነው፤ ስሙ ስለሚያስቅ ድርጊቱ ቀላል ይመስላልና። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተሰጠ ጊዜ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመትም ቁጥሩ ወደ 3.2 በመቶ ወረደ። ለዚህ ውጤት ኩረጃ ብቻውን ተጠያቂ አይደለም፤ በተለይ ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት በተያዘችባቸው ወራት ትምህርቱ የተቋረጠበት ልጅ የደረሰበትን ጉዳት ማንም ሊዘነጋው አይገባም። ሆኖም በቸካይ የሚያሾፍና በአጤሬራ ያለፈውን «ነቄ»፣ ማለትም የነቃ ብልህ፣ ብሎ የሚያሞግስ ክፍል፣ ፈተናው በጠበቀ ቀን ባዶ እጁን ይቀራል።

በጓደኝነት ቃላት ውስጥ «ጀለስ» ማለት የልብ ጓደኛ ሲሆን፣ «ቺስታ» ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ነው። እውነተኛው ጀለስ የሚታወቀው በቺስታ ቀን ነው፤ ጓደኛው ሻይ የሚከፍልበት ሲያጣ ሌሎች ሳይሰሙ ከፍሎለት የሚነሣ፣ ከስንቁ ላይ በሶ የሚያካፍል፣ ነገሩንም ለመሳቂያ የማያወጣ ነው። «ሙድ መያዝ» ግን የጀለስነት ጠላት ሊሆን ይችላል፤ ከእንግሊዝኛ በተወሰደ ቃል የተሠራ ሲሆን፣ ፍችውም አንዱን ሰው መሃል አስገብቶ ማፌዝ ነው። በአንጻሩ «አብሽር» የሚለው፣ መነሻው ዐረብኛ የሆነና የምሥራች መንፈስ ያለው ቃል፣ በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚጽናናበት ሆኖ ኖሮ ዛሬ በየከተማው ወጣት አፍ ገብቷል። ፈተና በወደቀ ልጅ ላይ ሙድ ከመያዝ ይልቅ «አብሽር» ማለት ከባድ አይደለም፤ ሁለቱም አንድ አንድ ትንፋሽ ነው የሚፈጁት፤ የሚተዉት ግን አንድ አይደለም።

የሠፈር ጨዋታ ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። በወልድያ የጎንደር በር ሠፈር ልጅ በአዳጎ ልጅ፣ የመቻሬ ልጅ በሌላው ሠፈር ልጅ ቢቀልድ ቀልዱ በእኩዮች መካከል ስለሆነ መልስ አያጣም። «ፋራ» የሚለው ቃል ግን፣ የከተማ ወግ ያልገባው ማለት ሲሆን፣ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ መልስ በሌለው ልጅ ላይ ነው። ከሀብሩ ገጠር መጥቶ መርሳ ላይ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ልጅ፣ እሑድ ማታ ድርቆሹንና በሶውን በከረጢት ተሸክሞ ሲገባ፣ ትከሻው ላይ ያለው የእናቱ የሳምንት ድካም ነው፤ በከረጢቱ የሚስቅ በእናቲቱ ድካም ይስቃል። ከዚህም ሌላ የገጠር ስም ታናሽ ስም አይደለም፤ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የማሽላ ዝርያዎች አንዱ «ግራና-1» ይባላል፤ ግራና በሀብሩ የምትገኝ ናት። አራዳ የንቃት ስም እንደሆነ ሁሉ ግራናም በገበሬ ማሳ ላይ የእህል ስም ሆና በቅላለች።

ቅጽል ስም የሚያወጣ ወጣት «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለውን ብሂል ሊያስታውስ ይገባዋል፤ ጓደኛ በቀልድ የለጠፈው ስም ባለቤቱን እስከ ሽምግልናው ሊከተለው ይችላልና። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንደሚባለው፣ የተነገረ ቃል አይመለስም። መስፈርቱም ሩቅ አይደለም፤ የተጠራው ልጅ ባለበት ተነግሮ እርሱ ራሱ የሚስቅበት ቃል ጨዋታ ነው፤ እርሱ ሲመጣ የሚቋረጥ ቃል ግን ሐሜት ወይም ስድብ ነው። እንዲሁም ለጀለስ የሚነገረው ለመምህርና ለአዛውንት፣ በዶርም የሚባለው በፈተናና በማመልከቻ ወረቀት ላይ እንደማይሆን የሚለይ ወጣት ሁለት አማርኛ አለው፤ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ግን ከሁለቱ ደጆች በአንዱ ውጭ ይቆማል።

ስለዚህ የወልድያና የሀብሩ ተማሪ ይጫወት፣ አዲስ ቃልም ይፍጠር፤ ቸካዩን በክብር ይጥራው፣ አጤሬራን ከሙገሳ ያውጣው፣ «ፋራ» የሚለውንም ስንቅ በተሸከመ ልጅ ላይ አያንሣው። ነገ ከታናናሾቹ አፍ የሚሰማው ቃል ዛሬ እርሱ የሚያስተምራቸው ነው።