ሸማኔውና ጠብታ ቆጣሪው

በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ፣ ከዶርዜ መጥተው ዕድሜያቸውን በሽመና የገፉ አንድ አባት ነበሩ። አምስት ኪሎ ምህንድስና የሚማረው ልጃቸው ለመመረቂያ ሥራው የግሉኮስ ጠብታ የሚቆጥር መሣሪያ ይሠራል። ጠብታው ሲወርድ ዓይን የማያየውን ጨረር ያቋርጣል፤ ኤትሜጋ 328ፒ የተባለችው ቺፕም የያዘችውን ሥራ ትታ ጠብታውን ታስተናግዳለች። ኢንተራፕት የሚሉት ይህንን ነው።

ጠብታው ዝግ ሲል መሣሪያው በትክክል ቆጠረ። በደቂቃ 150 ሲደርስ ግን ያጎድል ጀመር። ልጁ ምክንያቱን ሳይፈልግ የጎደለውን የሚሞላ ማባዣ ቁጥር ኮዱ ውስጥ አስገባ። ውጤቱ አማረ፤ ወረቀቱንም ለአማካሪው አስረከበ። እንዲህ ያለው ማባዣ ውሸት ነው፤ ያውም በሽተኛ አልጋ አጠገብ የሚቀመጥ ውሸት።

አንድ ቅዳሜ አባት እግራቸውን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ሰደው ለበዓል የታዘዘ ቀሚስ ጥለት ይሠራሉ፤ ልጁ ማግ ያጠነጥንላቸዋል። ገበያው ደርቶ በሩ ላይ ጥሪ አይጠፋም። አባት በተጠሩ ቁጥር የደረሱበትን ቦታ በቀይ ክር ምልክት ያደርጋሉ፤ «ማን ነህ? ምን ልታዘዝ?» ይላሉ፤ ጎናቸው ባለው ጣሳ ውስጥ አንድ ጠጠር ጥለው ወዲያው ወደ ጥለቱ ይመለሳሉ። መስመሩ ሲያልቅ ይነሡና የመጡትን በተራ ያነጋግራሉ። የጥለቱን ክሮች በጣታቸው ሲለዩ ግን ለማንም አይመልሱም። ያም ቢሆን ለሁለት ሦስት ትንፋሽ ብቻ ነው።

«አባባ፣ ሰውየውን እዚያው ዋጋ ተነጋግረው ለምን አይሸኙትም?»

«እሱን ሳነጋግር ሌላው መጥቶ ቢመለስስ? በር ላይ ቆሞ የጠበቀኝን አገኘዋለሁ። ከኋላው ስንቱ መጥቶ እንደሄደ ግን በምን አውቃለሁ?»

ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «የቀረውን በግምት ቢሞሉትስ?» አለ።

አባት መወርወሪያውን አቆሙ። «በግምት የተቆጠረ ጥለት እዚህ ባይታይ ጫፉ ላይ ይታያል፣ ልጄ። ለባሿ ደግሞ ገንዘቧን የከፈለችው ለተቆጠረው ነው።»

ማታ ልጁ ኮዱን ከፈተ። ጠብታ በመጣ ቁጥር፣ እዚያው ኢንተራፕቱ ውስጥ፣ ለግማሽ ሴኮንድ ድምፅ ያሰማል፣ ስክሪኑን ያድሳል፣ ሚሞሪ ካርድ ላይ ይጽፋል። በደቂቃ 150 ጠብታ ማለት ግን በየ0.4 ሴኮንዱ አንድ ነው። ቺፗ አንዱን ጥሪ ስታስተናግድ ለሌላው ሁሉ ዝግ ናት፤ በዚያ መካከል ለመጣ ጠብታ የምትይዘው አንድ ምልክት ብቻ ነው። ሁለተኛው ሲደርስ ምልክቱ ቀድሞ ስለተያዘ ይጠፋል። ጊዜ የሚለካው ክፍልም ተራ ስለማያገኝ የመሣሪያው ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ማባዣው ይህንን ሁሉ ሸፍኖት ነበር።

ልጁ በኢንተራፕቱ ውስጥ አንድ ሥራ ብቻ ተወ፤ ቁጥሩን በአንድ መጨመር። ድምፁን፣ ስክሪኑንና ካርዱን ወደ ኮዱ ዋና ዑደት አወጣቸው። የአባቱ ቀይ ክር ቺፗም ውስጥ አለ፤ የተቋረጠችበትን አድራሻ እሷ ታስቀምጣለች፣ በሬጅስተሮቿ ያለውን ደግሞ ኮዱ አስቀምጦ ይመልሳል።

ከሁሉ ያደከመው የቁጥሩ አነባበብ ነበር። ቺፗ ባለ 8 ቢት ስለሆነች ባለ 16 ቢቱን ቁጥር በሁለት ጊዜ ታነባለች። ከ255 የታችኛውን ግማሽ እንዳነበበች ጠብታ ቢመጣ፣ ቁጥሩ 256 ሆኖ የላይኛው ግማሽ ስለሚለወጥ፣ ስክሪኑ ላይ 511 ይወጣል። እንዲህ ያለው ስህተት በወር አንዴ ብቅ ብሎ ይሰወራል፤ በሽተኛውን የሚጎዳውም ፈታኙ በሌለበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ልጁ ቁጥሩን ለመቅዳት ብቻ ጥሪዎችን ዘጋ፤ ቀድቶ እንደጨረሰም ከፈተ። አባቱ ክሩን ሲለዩ ዝም የሚሉትን ያህል፣ ከዚያ አያልፍም።

ማባዣውን ሰረዘው። የያዘው የግሉኮስ መስመር 20 ጠብታው 1 ሚሊ ሊትር የሚሆን ነበርና 100 ሚሊ ሊትር ውኃ በልኬት ብርጭቆ አወረደ፤ 2,000 ገደማ ጠብታ መቁጠር አለበት። ዝግ ባለውም በፈጣኑም ፍጥነት ቆጠረው።

ሰኞ አማካሪው ዘንድ ሄዶ ቁጥሩ የተሞላው በማባዣ እንደነበር ተናገረ። የመጀመሪያውን ወረቀት እንዲመልሱለት፣ የተሳሳተው ውጤትም ከአዲሱ ጎን በመመረቂያ ጽሑፉ እንዲገባ ጠየቀ።