በጸሎተ ሐሙስ ያልታጠበው እግር



በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 እንደምናነበው፣ ደቀ መዛሙርት ከተወለደ ጀምሮ ዕውር የነበረውን ሰው ባዩ ጊዜ ጌታችንን የጠየቁት ስለ መድኃኒቱ አልነበረም። ኃጢአቱ የራሱ ነው ወይስ የወላጆቹ የሚለውን ለማወቅ ፈለጉ። ጌታ ሁለቱንም አልተቀበለም፤ በምራቁ ጭቃ ለውሶ ዓይኑን ቀባው፤ በሰሊሆምም እንዲታጠብ ላከው። ይህ ጥያቄ በእኛም አገር፣ በተለይ ቀይ አፈር ባላቸው ደጋና ወይና ደጋ ቀበሌዎች፣ ዛሬም ይጠየቃል። የሚጠየቀውም በዝሆኔ በሽታ እግሩ ባበጠ ሰው ፊት ነው፤ አንዱ እባብ ረግጦ ነው ይላል፣ ሌላው መተት ነው ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ የአያቱን ኃጢአት ይቆጥራል።

በአንዳንድ ቆላማ ስፍራዎች በትንኝ ንክሻ በሚገባ ትል የሚመጣ ዝሆኔ አለ። የደጋው ግን ትል የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ የሕሙማኑን መኖሪያ ከአፈሩ ጋር እያስተያየ መርምሮ፣ ከጥንት እሳተ ገሞራ የተገኘው ቀይ ሸክላማ አፈር በባዶ እግር ለሚሄድ ሰው ጠንቅ መሆኑን ተረዳ። በግሪክ ቋንቋ እግርንና አቧራን ከሚያመለክቱ ቃላት አጣምሮም በሽታውን ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ ሰየመው። ከአፈሩ ውስጥ እጅግ ደቃቅ የሆኑ የማዕድን ቅንጣቶች በእግር ቆዳ ሰርገው ይገባሉ፤ የሰውነትን ፈሳሽ የሚመልሱት ቀጫጭን የሊምፍ ቱቦዎች ይቆጣሉ፣ በጊዜም ብዛት ይደፈናሉ፤ መመለሻ ያጣው ፈሳሽም እግሩን ከታች ጀምሮ ወደ ጉልበት እያሳበጠ ይወጣል። በአገራችን በዚህ የሚሠቃዩት ከ1 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል።

ታዲያ በአንድ ማሳ ላይ በባዶ እግራቸው አብረው ከሚያርሱ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ ሲታመም ሌላው የሚድነው ስለ ምንድን ነው? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመንደሩ ሰው «በዘራቸው አለ» ሲል የኖረው ፈጽሞ ሐሰት አልነበረምና። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የወላይታ ጥናት፣ የሕሙማን ወንድሞችና እህቶች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ያህል መሆኑን አሳየ። በ2012 ደግሞ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ፣ ሰውነት ባዕድ ነገርን ለይቶ የሚያውቅበትን ሥርዓት ከሚመሩት ዘረ መሎች ውስጥ ከበሽታው ጋር የተያያዙትን ለይተው አሳወቁ። ስለዚህ አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ለዚህ አፈር የሚቆጣ ሰውነት ይዞ ይወለዳል፤ አንዳንዱ የቆዳውን መልክ ወይም የቁመቱን ልክ ይዞ እንደሚወለድ ማለት ነው። በዚህ ውስጥ እርግማን የሚባል ነገር የለም።

ይህ በሽታ በአየርላንድ፣ በስኮትላንድና በፈረንሳይ፣ እንዲሁም በካናሪ ደሴቶች ጭምር እንደነበረ ይታወቃል፤ ዛሬ የለም። የሕዝቡ ደም አልተለወጠም፣ የምድራቸውም አፈር ተጠርጎ አልተጣለም፤ እግራቸው ጫማ ገባ። በእኛ ዘንድ ግን ጫማ ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ይቆያል፤ እርሻው በባዶ እግር ይታረሳል። ጫማ በእጁ አንጠልጥሎ መጥቶ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚያጠልቀውን ምእመን ያላየ ካህን ያለ አይመስለኝም፤ እኔም በልጅነቴ እንዲሁ አድርጌአለሁ። ድኅነት ነው፣ ልማድም ነው፤ አንዱን ከሌላው መለየት ይቸግራል።

ከዚህ የሚከፋው ግን እኛ የምንጨምርበት ነው። እግሩ ያበጠ ሰው በማኅበርና በእድር ጥግ ይይዛል፤ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያፍራል፤ ልኩ የሚሆን ጫማ ስለማያገኝ ጨርሶ በባዶ እግሩ ይቀራል፤ ቁስሉ ሲያመረቅዝ ይሸታል፤ ስለሚሸትም ይሸሻል። እንግዲህ ሕመሙን የጀመረው አፈርና ተፈጥሮ ቢሆንም ያባባሰው የእኛ ፊት ማዞር ነው። በቁምስናችን ባለፈው ዓመት አንድ እጮኝነት በልጅቱ አጎት እግር ምክንያት ፈርሷል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ለማስታረቅ ሲል «በዘር የሚባል ነገር የለም» ብሎ ነበር፤ ሽማግሎቹ አላመኑትም፣ ባያምኑትም አልፈረድኩባቸውም። ሊነገራቸው የሚገባው እውነቱ ነበር፤ ዝንባሌው በዘር ሊወረስ ይችላል፤ ነገር ግን ከዳዴ ማግስት ጀምሮ ጫማ የማይለየው ልጅ፣ ከየትኛውም ቤት ይወለድ፣ በዚህ በሽታ አይያዝም።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ሰው ልጅ ሥቃይ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ የጻድቁን ኢዮብን ታሪክ አንሥተው ሥቃይ ሁሉ የበደል ቅጣት እንዳልሆነ አስተምረዋል። ይህንን እኔ ከመንበረ ስብከት ብዙ ጊዜ ሰብኬአለሁ። ይሁን እንጂ ባለፈው ጸሎተ ሐሙስ ለሕጽበተ እግር የተመረጡትን 12 ምእመናን ስመለከት፣ በዚህ ቁምስና ባገለገልኩባቸው ዓመታት ሁሉ እግሩ ያበጠ አንድ ሰው መርጬ እንደማላውቅ ተገነዘብኩ። ማንም አልከለከለኝም። እንዲያውም እግራቸው አስቀድሞ ታጥቦ የመጡትን ነበር የምመርጠው።

በዕድሜ የገፉ አንድ አባት ሁልጊዜ ከግቢው ዛፍ ሥር ቆመው ቅዳሴ ይሰማሉ። ከፋሲካ በኋላ ቤታቸው ሄጄ ለምን ወደ ውስጥ እንደማይገቡ ጠየቅኋቸው። «አባ፣ ሽታው ሰው እንዳይረብሽ ብዬ ነው» አሉኝ፤ እግራቸውንም በነጠላቸው ሸፈኑት።

ከዚያ ወዲህ ሁለት የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በየሳምንቱ ወደ እርሳቸው ይሄዳሉ። ሥራው ቀላል ነው። እግሩ በሳሙናና በውኃ ይታጠባል፤ ጥቂት በረኪና ጠብ በተደረገበት ውኃ ይዘፈዘፋል፤ በጣቶች መካከል ሳይቀር ይደርቃል፤ ቫዝሊን ይቀባል፤ በፋሻ ይጠቀለላል፤ ካልሲና ጫማ ይደረጋል። በምሥራቅ ጎጃም የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ይህን የመሰለ እንክብካቤ በየጊዜው የሚነሣውን ትኩሳትና የእግር መቆጣት እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ጸሎታችሁን አታቋርጡ፤ ሳሙናውንም አትርሱ። ጌታ ዕውሩን ከቀባው በኋላ የላከው ወደ ውኃ ነበር።

ለሚመጣው ጸሎተ ሐሙስ ከ12ቱ አንዱ እንዲሆኑ ለምኛቸዋለሁ። መጀመሪያ እንቢ አሉ፤ ኋላ «ጫማ ካገኘሁ» አሉ። የእግራቸውን ልክ በወረቀት ላይ አንሥተን ለጫማ ሰፊ ሰጥተናል፤ የግራው ከቀኙ በአራት ጣት ይሰፋል።